ሦስተኛው እግር

እውነቱን ለመናገር፣ ካሜራ የያዝኩት ልሰርቅበት ነው፤
የጅማ ሰማይ ሠዓሊ አይጠብቅም፣ ጠባዩ የመንገደኛ ነው፤
እርሳሴን እስክስል ደመናው ከጅሬን ወርዶ
ያየሁትን ጠቅልሎ ይጠፋል፣ ወደ ቦዬ ነጉዶ።
ስለዚህ ጠቅ አደርግና፣ በኪሴ ሸሽጌ፣
አዌቱን ተሻግሬ ቤቴ ስገባ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣
ያን ድፍን ብርሃን በቀለም እመነዝረዋለሁ፤
ለጥላው ይህን ያህል፣ ለቆዳው ይህን ያህል፣ እያልኩ እቆጥረዋለሁ።

ፎቶው? ፎቶው ልጣጭ ነበር፤
ሥዕሉ ሲያልቅ የሚጣል ነገር።
ሳጥን ሙሉ አለኝ፦
ጀርባቸው ላይ ስልክ ቁጥር፣ የቀለም ዋጋ፣ ያልከፈልኩት ብድር፣
ፊታቸው ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ፣ በዘይት፤
አንዱማ የሻይ ብርጭቆ መክደኛ ሆኖ ኖሮ
ክብ ምልክት አለበት።

ጣሃ አባ ወጂን ያነሣሁት በሰኔ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል፣
መንቲና፣ ከሱቁ ደጅ፣ ዋንዛ ሲፈለፍል።
በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፣ ሚስማር አያውቅም፤
ጣሃም እንደዚያው ነው፣ ከተቀመጠ አይነቃነቅም።
አንዴ ብቻ ጠቅ አደረግሁ።
“ጨረስሽ?” አለኝ። “እኔ እኮ ገና መጀመሬ ነው።”
መልስ አልነበረኝም፤ ዝናቡ መጣ፣ ሮጥኩ።

ሦስት ወር ሣልኩት።
ፎቶውን በእርሳስ ከፋፍዬ፣ አርባ ስምንት ካሬ አድርጌ፣
የደበዘዘውን አጠራሁ፣ የጎደለውን ሞላሁ ፈልጌ ፈልጌ።
የሚያልፈውን ባጃጅ አስወጣሁት፣ ሰማያዊነቱ ረበሸኝ፤
ፌስታሉን ከእግሩ ሥር አነሣሁለት፣ ያከበርኩት መሰለኝ።
በርጩማው በፎቶው ውስጥ ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው፤
ሦስተኛው ከጣሃ ጉልበት ኋላ ነው፣ ጥላ የሸፈነው፤
እኔ ግን ሰው ይደናገራል ብዬ ፈርቼ
ጉልበቱን ትንሽ ገፋ አድርጌ፣ አወጣሁት ከጥላው ጎትቼ።

ጥቅምት ላይ ጣሃ መጣ። ጫማውን ጠርጎ ገባ።
ሥዕሉ ፊት ቆመ፤ ጢሙን አሻሸ፤ ቀረብ አለ፤ ደግሞ ራቅ።
ጣቱን ዘርግቶ፣ ሸራውን ሳይነካ፣ ያንን እግር በአየር ላይ ለካው።
“ልጄ፣ አትቀየሚኝ፣ ይሄ በርጩማ ይወድቃል።
እግር እኮ ለዓይን አይደለም የሚወጣው፣
ለተቀማጭ ነው።”
ከዚያ ዞር ሲል ከሸራው ጥግ የሰካኋትን ፎቶ አየ፤
የተጨማደደች፣ ግንባሯ ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰባት።
“ይሄኛው ግን ይቆማል።”
“ሁለት እግር ብቻ እኮ ነው የሚታየው” አልኩት።
“ሦስተኛው ከኋላ አለ” አለ። “እኔ ነኝ የጠረብኩት።”

ከሄደ በኋላ መብራት ጠፋ።
በሻማ አየኋት፤ እስከዚያ ቀን ቀድቼባት ነበር እንጂ አይቻት አላውቅም።
ፌስታሉ በነፋስ ተነፍቷል፤ ዝናቡ እየመጣ እንደሆነ
ከሁላችን በፊት የሰማው እሱ ነው።
የባጃጁ ሹፌር ክርኑን አውጥቶ ወደ ጣሃ ዞሯል፣ ሰላም ሊለው፤
ያ ሰላምታ በሥዕሌ ውስጥ የለም፣ አጥቤዋለሁ።
ከታች፣ ከተደረደሩት በርጩማዎች ላይ፣
አንድ ረጅም ጥላ ጎብጦ ተኝቷል፤ ክንዶቹን ወደ ፊቱ ያነሣ።
የኔ ነው።
ሌባዋ፣ ከነዕቃዋ።

ሥዕሉን ፈረንጅ አራዳ ያለ ሆቴል ገዛው።
ደህና ብር ነው የከፈሉኝ፤ እንግዶች ይወዱታል አሉ፤
እስካሁን ማንም አልተቀመጠበትም፣ ማንም አልወደቀም።
ፎቶዋን ግን በአራት ማያያዣ ከግድግዳዬ ሰቅያታለሁ፣
ከነመስመሯ፣ ከነቀለሟ፣ ላጲስ አላስነካኋትም።
ካሬ ሠላሳ አንድ ላይ ጥላ ብቻ ነው ያለው፤
ሲደክመኝ
እዚያ ላይ እቀመጣለሁ።